ያውቁ ኖሯል? የደበዘዘ የመኪና መብራት

ያውቁ ኖሯል… የዛሬ መኪኖች የፊት መብራት ሽፋን መስታወት አለመሆኑን? ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ኸርማን ሽኔል በጀርመኑ ባየር፣ ዳንኤል ፎክስ ደግሞ በአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ፣ አንዱ የሌላውን ሳያውቅ በቀናት ልዩነት ደረሱበት።

…አሜሪካ እስከ እ.ኤ.አ. 1983 ድረስ መጠኑ በሕግ የተወሰነ ድፍን መብራት ብቻ ትፈቅድ እንደነበር? አምፖሉ ሲቃጠል መብራቱ እንዳለ ይጣል ነበር። ሕጉ ሲላላ አምፖሉ ብቻ በሚቀየርበት በአዲሱ ዓይነት መብራት ቀድሞ የወጣው የ1984ቱ ሊንከን ማርክ ሰባት ነው።

…ይህ ፕላስቲክ ጠጠር ሲያርፍበት ባይሰበርም ለጭረትና ለፀሐይ ግን ደካማ መሆኑን? ፋብሪካው ስስ መከላከያ የሚቀባው ለዚህ ነው። መብራቱ ቢጫ የሚሆነው ያ ቅብ ሲያልቅ ነው።

…አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል እንደሚጨምር? አዲስ አበባ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር ፀሐይ ሲመታት የምትውል ቪትዝ መብራቷ ቢገረጣ አይፈረድባትም።

…የአሜሪካ አሽከርካሪዎች ማኅበር (ኤኤኤ) እ.ኤ.አ. በ2018 ባደረገው ሙከራ፣ የደበዘዘ መብራት የሚሰጠው ብርሃን ከአዲሱ አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ሆኖ መገኘቱን? ሲታደስ ወደ 70 በመቶ ተመልሷል። እንግዲህ አዲስ አይሆንም፤ ለሌሊት መንገድ ግን ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

…እድሳቱ ከባድ ሥራ አለመሆኑን? መብራቱን በሳሙና አጥበው፣ ዙሪያውን ያለውን ቀለም በወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑ። የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ይግዙ፤ ቁጥር 1000፣ ከዚያ 2000፣ ከዚያ 3000። ውሃ እያፈሰሱ ይሹ፤ በደረቁ አይሞክሩት። መጀመሪያ ቢጫ ውሃ ይወርዳል፤ እሱ ያለቀለት ቅብ ነው። ከዚያ መብራቱ ከበፊቱ ብሶ ነጭ ይሆናል። ብዙ ሰው ደንግጦ የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፤ አያቁሙ። ወረቀቱ እየለሰለሰ ሲሄድ ይጠራል፤ በመጨረሻም ፖሊሽ ያበራዋል።

…ሥራው ግን እዚህ ላይ አለማለቁን? የብርጭቆ ወረቀቱ የተረፈውንም መከላከያ ጠርጎታል። ክሊር የሚባለው ጨረር የሚከላከል ግልጽ ቅብ ካልተቀባ ፕላስቲኩ ራቁቱን ቀርቷል ማለት ነው፤ ተመልሶ ይገረጣል። ከሁሉም የሚዘለለው ይህ ነው፤ በእኔ እምነት ክሊር የሌለው ሰው ባይጀምረው ይሻላል። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበትን ክሊር የሚነፋ ሰው ደጅ ወጥቶ፣ ለቀለም ሥራ የተሠራ ጭንብል አጥልቆ ይንፋ፤ ትነቱ ሳንባ ይጎዳል።

…የጥርስ ሳሙና በመብራት ላይ የሚሠራው ውስጡ ደቃቅ ፈግፋጊ ነገር ስላለ መሆኑን? ትንሽ ያጠራል፤ ከፀሐይ ግን አያስጥልም።

…የትንኝ መከላከያ ቅባት መብራቱን ወዲያው የሚያጠራው ዲት የተባለው ኬሚካል የፕላስቲኩን ገጽ ስለሚያሟሟ መሆኑን? ጉዳቱ ኋላ ይታያል።

…ጉሙ ከውስጥ ከሆነ ውጪውን መፈግፈግ ከንቱ ድካም መሆኑን? ውሃ የሚያስገባውን ስንጥቅ ወይም ያረጀ ጎማ ይፈልጉ።

…ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ስትከለክል ወደ ኤሌክትሪክ የዞረ ሰውም ከዚህ ሥራ አለማምለጡን? የእሱም መብራት ሽፋን ያው ፖሊካርቦኔት ነው።