ሊኑክስ ተጭኖ ካበቃ በኋላ፦ ፓኬጁ ከየት ይምጣ?

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ አቆመ። የአንድ ዓመት ማራዘሚያ ለሚመዘገብ ሰው ትንሽ በር ትቷል። ያም ሆኖ ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ እና ስምንተኛ ትውልድ አካባቢ ያለ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ፣ እኛ አገር ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ያገለገለ ላፕቶፕ ብዙው ከደጅ ቀርቷል። ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ባትሪው ቢደክም እንኳ ቻርጀሩ እስከተሰካ ይሠራል። «እንግዲህ ሊኑክስ ልሞክር» የሚለው ድምፅ የበረከተው በዚህ ምክንያት ነው።

ጭነቱ ዛሬ ቀላል ሆኗል። የመጫኛውን ምስል (አይኤስኦ) ፍላሽ ላይ ጽፎ፣ ማሽኑን ከፍላሹ አስነስቶ ጥቂት ጥያቄ መመለስ ነው። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ ሲስተሙ ሶፍትዌርና ማሻሻያ የሚያመጣበትን ቦታ ማለትም የፓኬጅ ሶርሱን ማስተካከል ሲመጣ ነው። በበይነ መረብ የሚገኙት መመሪያዎች ሁሉ «ኢንተርኔቱ አለ» ብለው ይነሣሉ። ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ ባለችው ዋጃ ላለ ሰው ግን ሲጀመርም የሚነሣው ጥያቄ እሱ ነው።

መጀመሪያ አዲስ ስለሆነው ነገር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 9 ቀን 2025 ዴቢያን 13፣ በቅጽል ስሙ ትሪክሲ፣ ወጣ፤ ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ ፓኬጅ ይዞ። አብሮት ፓኬጆቹን የሚያወርደውና የሚጭነው ፕሮግራም፣ አፕት 3.0፣ መጣ። ለዓመታት በአንድ መስመር ስንጽፈው የኖርነው «ሶርስስ ዶት ሊስት» የተባለ ፋይል አሁን ጡረታ እየወጣ ነው። በእሱ ቦታ የመጣው አጻጻፍ መረጃውን በየመስኩ ይከፍለዋል፦ ዓይነቱ፣ አድራሻው፣ የእትሙ ስም፣ ክፍሉ፣ ፊርማው የሚመረመርበት ቁልፍ። ኡቡንቱ ይህን ያደረገው ቀደም ብሎ፣ በ24.04 እትሙ ነው። ስለዚህ የቆየ መመሪያ ይዞ የድሮውን ፋይል የከፈተ ሰው የሚያገኘው «ሶርሶቹ ወደ ሌላ ፋይል ተዛውረዋል» የሚል ማስታወሻ ብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደነግጥና የድሮውን መስመር መልሶ ይጽፋል፤ ከዚያ አፕት አንዱ ሶርስ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል እያለ ይነዘንዘዋል። በዴቢያን 13 ላይ «አፕት ሞደርናይዝ-ሶርስስ» የሚለው ትእዛዝ አሮጌውን ወደ አዲሱ አጻጻፍ ራሱ ይገለብጠዋል። በበኩሌ አዲሱን እወደዋለሁ። በተለይ ቁልፉ ከሶርሱ ጋር መታሰሩ፣ ማንም የጨመረው ቁልፍ ለሁሉም ሶርስ ዋስ የሚሆንበትን የድሮ ልማድ አስቀርቷል።

የሶርሱን ክፍሎች በተመለከተ ከዴቢያን 12 ወዲህ አንድ ጥሩ ለውጥ አለ፦ የዋይፋይና የመሳሰሉት ቺፖች ፈርምዌር የራሱን ክፍል አግኝቶ በመጫኛው ፍላሽ ላይ አብሮ ይመጣል። ከዚያ በፊት ዋይፋዩን ለማስነሣት ፈርምዌር፣ ፈርምዌሩን ለማውረድ ዋይፋይ ያስፈልግ ነበር። አሁንም የማይታወቅ ቺፕ ከገጠመ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ የሞባይል ዳታውን ማጋራት ነው፤ ሊኑክስ አብዛኛውን ስልክ ያለ አንዳች ጭነት እንደ ኔትወርክ ካርድ ይቀበለዋል።

ቀጥሎ ሚረር፣ ማለትም የፓኬጅ መዝገቡ ቅጂ የተቀመጠበት ሰርቨር፣ ነው። ኡቡንቱ ሲጫን አገሩን ያይና ከመዝገቡ አድራሻ ፊት የአገሩን ሁለት ፊደል፣ ለእኛ «ኢ-ቲ» የሚለውን፣ ሊለጥፍ ይችላል። ያንን ያየ ሰው ደስ ይለዋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ የሆነ ሰርቨር ያለ ይመስለዋል። አሠራሩ ግን እንዲህ ነው፦ በአገሩ በይፋ የተመዘገበ ሚረር ከሌለ ያ ስም ተመልሶ ወደ ዋናው መዝገብ ይመራል። ባንዲራው የእኛ፣ መጋዘኑ የአውሮፓ ይሆናል ማለት ነው። አድራሻው የት እንደሚያርፍ በ«ሆስት» ትእዛዝ በሰከንድ ውስጥ ማየት ይቻላል። በአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ለረጅም ዓመታት የቆዩ ሚረሮች አሏት፤ ኬንያም አላት። ናይሮቢ በካርታ ትቀርበናለች ብሎ እሷን መምረጥ ግን ሁልጊዜ አያዋጣም፤ ካርታው ላይ የሚቀርበው ቦታ በመስመሩ ላይ የግድ ቅርብ አይደለም። በዴቢያን በኩል ነገሩ ቀላል ነው። ዋናው አድራሻ በልዩ ልዩ አገር በተበተኑ ሰርቨሮች ላይ የቆመ ስለሆነ ቅርቡን ራሱ ይፈልጋል፤ ሚረር መምረጥ የሚባለው ሥራ ከናካቴው ቀርቷል ማለት ይቻላል።

የሌሎቹን የሊኑክስ ቤተሰቦች ነገር በአጭሩ ልለፈው። ፌዶራ የሚረር ዝርዝሩን ከማዕከል ይቀበላል፤ ተጠቃሚው የሚነካው ነገር ጥቂት ነው። አርች ዝርዝሩን በእጅ ወይም «ሪፍሌክተር» በተባለ ፕሮግራም ያስመርጣል፤ አርችን የሚጭን ሰው ደግሞ ይህ ጽሑፍ አያስፈልገውም። ሴንት ኦኤስ 7 እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2024 ዕድሜው ሲያበቃ የሚረር ዝርዝሩ ሰርቨር አብሮ ስለጠፋ፣ በየሰርቨር ክፍሉ የቀሩት ማሽኖች የአሮጌ እትሞች ማስቀመጫ ወደሆነው «ቮልት» መዝገብ እስኪዞሩ ድረስ አንዲት ፓኬጅ እንኳ ማምጣት አቅቷቸው ነበር።

የአይቲ ተማሪዎች የሚወዱት ካሊ ሊኑክስ ደግሞ ለብቻው ይነሣ። ካሊን መጫን አይነቀፍም፤ የሚያስነቅፈው የካሊን ሶርስ በኡቡንቱ ዝርዝር ላይ ደርቦ ሁለቱን ማቀላቀል ነው። ሲስተሙ የትኛውን እትም እንደሚከተል ይጠፋዋል፤ ከቀናት በኋላ ዴስክቶፑም ላይነሣ ይችላል። ካሊ ራሱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ፓኬጆቹን የሚፈርምበትን ቁልፍ መጠቀም እንዳልቻለ ገልጾ አዲስ ቁልፍ አወጣ፤ አዲሱን በእጁ አውርዶ ያላስገባ ሰው ማሻሻያ ተከለከለ። ትምህርቱን መደበኛ በሆነ ዴቢያን ላይ ጀምሮ የሚፈልገውን መሣሪያ አንድ በአንድ የሚጭን ተማሪ ከዚህ ሁሉ ይድናል።

አሁን ወደሚያከራክረኝ ነገር ልምጣ፤ እሱም የኡቡንቱ ባለቤት ካኖኒካል ያወጣው፣ ስናፕ የተባለ የፓኬጅ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ኡቡንቱ 22.04 ሲወጣ ፋየርፎክስ በአፕት በሚጫነው የዴብ ፓኬጅ መቅረቡ ቀርቶ በስናፕ ብቻ ሆነ። የስናፕ ደጋፊዎች ምክንያት አላቸው፦ ማሻሻያው ቶሎ ይደርሳል፣ ፕሮግራሙ ከሌላው ሲስተም ታጥሮ ይሠራል፣ አንዱ ፓኬጅ በሁሉም እትም ላይ ይሄዳል። ተቃዋሚዎቹም ሱቁ በካኖኒካል እጅ ብቻ መሆኑን፣ የሱቁ ሰርቨር ኮድም አለመገለጡን ያነሣሉ፤ ሊኑክስ ሚንት በዚሁ ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ስናፕን ዘግቷል። ይህ ክርክር ያለው ፈጣን ኢንተርኔት ባላቸው ሰዎች መካከል ነው። እዚህ ሲደርስ መልኩ ይቀየራል። ስናፕ ፕሮግራሙ የሚቆምበትን መሠረት ለብቻው ያወርዳል፤ መጠኑ ከዴቡ ይበልጣል፤ ከዚያም ማንንም ሳይጠይቅ በቀን ጥቂት ጊዜ ማሻሻያ ይፈልጋል። በሜጋባይት የዳታ ጥቅል ገዝቶ ለሚጠቀም ሰው ይህ ኪስ ውስጥ እጅ መክተት ነው። «ስናፕ ሪፍሬሽ ሆልድ» ብሎ ማገድ ይቻላል፤ ከሌላ ማሽን አውርዶ ማምጣትም አይከለከልም። ግን ለምን? ሞዚላ ራሱ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ ፋየርፎክስን በራሱ የአፕት ሪፖ በዴብ ያቀርባል። ሶርሱን አንድ ጊዜ ከቁልፉ ጋር ማስገባት፣ ቅድሚያ መስጠት፣ መገላገል። ከሦስተኛ ወገን ሶርሶች ሁሉ ያለ ማቅማማት የምመክረው ይህን አንዱን ነው። ሌላውን፣ በተለይ ማንነቱ ከማይታወቅ ሰው የግል መዝገብ (ፒፒኤ) የሚመጣውን፣ በቁጥር ማሳነስ ይሻላል። የሙከራ ሶርስም እንዲሁ ነው፦ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለው መሐንዲስ በኤክስዜድ መጭመቂያ ውስጥ የተደበቀውን የጀርባ በር ሲያጋልጥ የተነኩት ገና በሙከራ ላይ ያሉት እትሞች ነበሩ፤ የዴቢያን የተረጋጋው እትም ተርፏል። «አዲስ ስሪት ልያዝ» ብሎ የሙከራ ሶርስ የደረበ ሰው አደጋውንም ደርቦ ነበር።

ኔትወርክ የሌለበት ቦታስ? ዋጃና ቆቦ ባሉበት በራያ ቆላ ይህ እንዲያው ሊሆን ይችላል ተብሎ የሚነሣ ጥያቄ አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ የሰሜኑ ጦርነት ሁለት ጊዜ ቆቦ ሲደርስ ስልክም መብራትም ተቋርጦ ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህም የሞባይል ዳታ ለረጅም ወራት ጠፍቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ የትኛው ሚረር ይፈጥናል ብሎ መጨቃጨቅ ቅንጦት ነው። የቆላው ገበሬ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ከመድረሱ በፊት ቦዩን አዘጋጅቶ እንደሚጠብቅ፣ እዚህ ያለ ማሽንም ኔትወርኩ ሲገኝ ምን እንደሚያወርድ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። መሣሪያው ደግሞ ድሮ ተሠርቶ ተቀምጧል።

አፕት እ.ኤ.አ. በ1999 ከዴቢያን 2.1 ጋር ሲወጣ ሲዲ እንደ ኢንተርኔት ሁሉ ሙሉ ክብር ያለው ሶርስ ነበር። ካኖኒካልም እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ድረስ የኡቡንቱን ሲዲ ለጠየቀው ሁሉ በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር። ዛሬ ግን ከዲቪዲ ዴቢያን የጫነ ሰው «ዲስኩን አስገባ» የሚል መልእክት ሲያጋጥመው የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ የሲዲሮሙን መስመር አጥፋው። በዋጃ ያለ ሰው ይህን ምክር አይስማ። የዴቢያን የመጀመሪያ ዲቪዲ አራት ጊጋባይት ገደማ ሲሆን በብዛት የሚፈለጉትን ፓኬጆች፣ ዴስክቶፑንና ሊብረኦፊስን ጨምሮ፣ ይዟል። አይኤስኦውን ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጦ፣ ማውንት አድርጎ፣ በሶርሱ ውስጥ አድራሻውን ከ«ፋይል» የሚጀምር ማድረግ ይቻላል። በምስሉ ውስጥ ያለው ማውጫ ፊርማ ስለማይኖረው «ትረስትድ ይስ» የሚል ቃል ይጨመርበታል፤ ለዚህ ነው አይኤስኦው ሲወርድ ሻ-512 ድምሩን ማመሳከር ግድ የሚሆነው። ማመሳከሪያው ከታለፈ ግን የፓኬጁን እውነተኛነት የሚመሰክር ምንም አይቀርም።

በዲቪዲው ላይ ለሌለው ደግሞ አፕት-ኦፍላይን አለ። ለምሳሌ ዋጃ ያለው ላፕቶፕ አይባስ-ኤም17ኤን የተባለውን የአማርኛ መጻፊያና የአቢሲኒካ ፎንትን ፈለገ እንበል። ላፕቶፑ ላይ «ሴት» የሚለው ትእዛዝ የጎደለውን ሁሉ የሚዘረዝር አንዲት ትንሽ ፋይል ይጽፋል። ፋይሏ በፍላሽ ቆቦ ወይም ወልድያ ትሄዳለች፤ እዚያ ኔትወርክ ያለው ማሽን ላይ «ጌት» ሲባል፣ ማሽኑ ዊንዶውስም ቢሆን ፓይተን እስካለው ድረስ፣ የተጻፈውን ብቻ አውርዶ በአንድ ዚፕ ያሽገዋል። ፍላሹ ሲመለስ «ኢንስቶል» ይባላል። ጥገኛ ፓኬጅ ጎደለ እየተባለ ሁለተኛ ሚኒባስ አይሳፈሩም፤ ዝርዝሩን ያወጣው ፈላጊው ማሽን ራሱ ነውና። ፊርማውም እዚያው ይመረመራል፤ ፓኬጁ በማን ኪስ እንደመጣ አፕት ግድ የለውም። በየከተማው ፊልምና ሙዚቃ በፍላሽ የሚጭኑ ሱቆች ለሌላው ሁሉ ይዘት የዘረጉት መንገድ ለዚህም ይሆናል፤ እስካሁን ለምን እንዳልገቡበት ይገርመኛል።

ብዙ ኮምፒውተር ያለው የትምህርት ቤት ላብራቶሪ ከሆነ አፕት-ካሸር-ኤን-ጂ የተባለውን ፕሮግራም በአንዱ ማሽን ላይ መጫን በቂ ነው። ሌሎቹ በፖርት 3142 በእሱ በኩል ይጠይቃሉ፤ አንዱ ያወረደውን ፓኬጅ ሌላው ከዚያው ከላቡ ይወስዳል።

አንድ የቀረ ነገር፣ ብዙ ሰው የሚያደናቅፍ። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ፣ የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪ የሞተችበት አሮጌ ኮምፒውተር በተነሣ ቁጥር ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ አፕት «የሪሊዝ ፋይሉ ገና ጊዜው አልደረሰም» ብሎ አሻፈረኝ ይላል፤ ሰውየው ግን ሶርሱ የተበላሸ ይመስለውና ሚረር መቀያየር ይጀምራል። መድኃኒቱ ቀኑን ማስተካከል፣ ሲመች ደግሞ ባትሪዋን መቀየር ነው። የተገላቢጦሹም አለ፦ የዴቢያን የደኅንነት ሶርስ ማውጫ የሚጸናው ለአንድ ሳምንት ገደማ ስለሆነ፣ በሃርድ ዲስክ ተገልብጦ የቆየ ቅጂ «ጊዜው አልፏል» ይባላል። እዚያ ላይ ለዚያ ሶርስ ብቻ የጊዜ ምርመራውን ማጥፋት ይቻላል፤ ዋናው የተረጋጋው መዝገብ ይህ ገደብ የለበትም። ዴቢያን 13 በረጅም ጊዜ ድጋፉ እስከ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2030 ስለሚቆይ ዘንድሮ የተቀመጠው አይኤስኦ ለጥቂት ዓመታት መነሻ ይሆናል፤ ከአይኤስኦው ሌላ የሚመላለሰው የደኅንነቱ ማሻሻያ ብቻ ነው።