«ሲጫወቱ ነው የዋሉት»

ሜሪላንድ ውስጥ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ጠዋት ልጃቸውን የሚያደርሱት ሌላ ኢትዮጵያዊት ቤት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቤዝመንት ነው፤ ምንጣፍ ተነጥፎበታል፣ ዝቅ ያለ መደርደሪያ አለው፣ ግድግዳው ላይ ላይሰንሱ ተሰቅሏል። ስለ ምግቡ፣ ስለ ዳይፐሩና ስለ ቀን እንቅልፉ ወላጅ ሁሉ ስለሚያውቅ አልዘገይበትም። የስቴቱ ሕግ በተራው የቤት ዴይኬር ፈቃድ ከ8 ልጅ በላይ መያዝ አይፈቅድም፤ ተንከባካቢዋ ብቻዋን ከሆነች ደግሞ ከ2 ዓመት በታች የሆኑት ከ2 መብለጥ የለባቸውም። ልጆቹ ጥቂት ስለሆኑ በዕድሜ አይከፋፈሉም። የዓመት ተኩል፣ የሦስትና የአራት ዓመት ልጆች አንድ ምንጣፍ ላይ ይውላሉ፤ ትንሹ ትልቋን እያየ ይማራል። ትልልቆቹ ማዕከላት ይህን ዕድል ብዙም አይሰጡም።

ማታ ልጁን ሊወስድ የመጣ አባት «ዛሬ ምን ተማረ?» ብሎ ይጠይቃል። «ሲጫወቱ ነው የዋሉት» የሚል መልስ ሲሰጠው ቅር ይለዋል። ፊደል የተጻፈበት ወረቀት በእጁ ቢሰጡት ደስ ይለው ነበር። ይህ ቅሬታ ያለ ቦታው የገባ ነው፤ እቃቃ ሲጫወቱ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ደግሞ አያነሳውም።

አንድ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ካሉት ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ ነበር። ቤቱ ውስጥ ባትሪ ያላቸው መኪኖች ሞልተዋል፤ ልጆቹ የሚሻሙት ግን አንዲት ትንሽ ጀበናና ስድስት የፕላስቲክ ሲኒ ነው። የዚያን ቀን ቡና የምታፈላው የአራት ዓመት ልጅ ናት። የእጅ ፎጣ እንደ ነጠላ አጣፍታለች፤ ረከቦቱ የካርቶን ክዳን ነው። ሲኒዎቹን ደረደረችና እንግዶቿን በጣቷ እየነካች አዳረሰቻቸው፤ አሻንጉሊቱ ተጨምሮ አምስት ሆኑ። አንድ ሲኒ ተረፈ። ትንሽ አሰበችና «ይሄ የአያቴ ነው፣ መንገድ ላይ ናቸው» ብላ ባዶው ትራስ ፊት አስቀመጠችው። እስከ መቶ በቃሉ የሚወርድ ልጅ ሞልቷል። ለአንድ ሰው አንድ ሲኒ አዳርሶ የተረፈውን ማየት ግን ከዚያ የጠለቀ ነገር ነው፤ ሒሳብ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

አጠገቧ የተቀመጠው የሦስት ዓመት ልጅ ምሳ ሲቀርብ ሳህኑ እስኪደርሰው የሚያለቅስ ነው። እጁን ወደ ሲኒው ሲሰድ «ቆይ! ገና እየተቆላ ነው» አለችው። እጁን ሰበሰበ። ቡናው ተቆላ፣ ሁሉም ጭሱን በእጃቸው ወደ አፍንጫቸው ሳቡ፣ ተወቀጠ፣ ፈላ፣ ሰከነ። ልጁ ይህን ሁሉ ጠበቀ፤ የጠበቀው ደግሞ ባዶ ሲኒ ነው።

ሌቭ ቪጎትስኪ የተባለው ሩሲያዊ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1933 እ.ኤ.አ. ስለ ጨዋታ በሰጠው ሌክቸር ያነሳው ይህንኑ ነው። እኛ ልጅ ሲጫወት ያሻውን የሚያደርግ ይመስለናል። ቪጎትስኪ ግን ልጅ ራሱን ለደንብ የሚያስገዛው ሲጫወት መሆኑን አሳየ፤ ከረሜላው በጨዋታው ውስጥ የማይበላ ነገር ከተባለ፣ እያማረውም ቢሆን አይበላውም። ከጠቀሳቸው ምሳሌዎች እኔ የምወደው የሁለቱን እህትማማቾች ነው። አንዷ አምስት፣ አንዷ ሰባት ዓመቷ ነው፤ «እህትማማች እንሁን» ብለው ይጫወታሉ። በሌላው ጊዜ ሳያስቡት እህትማማች ናቸው። በጨዋታው ግን እህት ምን እንደምታደርግ አስበው እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ አንድ ዓይነት ይለብሳሉ። ቆይቶም ማኑይሌንኮ የተባለች የሶቪየት ተመራማሪ በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ልጆችን ሳይነቃነቁ እንዲቆሙ ጠየቀች። እንዲሁ ቁሙ ሲባሉ ቶሎ ሰለቻቸው፤ ዘበኛ ሆነው ሲጫወቱ ግን እጅግ ረዘም ላለ ጊዜ ቆሙ። «ልጄ ትዕግሥት የለውም» የሚል ወላጅ ልጁ እቃቃ ላይ እንዴት እንደሚጠብቅ ይይ።

ቋንቋውም እዚያው አለ። ቤት ውስጥ በአማርኛ ተጠይቆ በእንግሊዝኛ የሚመልስ ልጅ እዚህ «ኖር» ብሎ ከመቀመጫው ብድግ ሲል አይቻለሁ። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስጠናውም፤ ትልልቆቹ ልጆች እንግዳ ሲገባ እንዲህ ስለሚሉ አለ።

እንዲህ ያለውን ጨዋታ ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው ጥያቄ የሚያበዛ አዋቂ ነው። ቡናው ሊቀዳ ሲል ጎንበስ ይልና «ይሄ ምን ቀለም ነው? ስንት ሲኒ አለ? በእንግሊዝኛስ ምን ይባላል?» ይላል። ልጅቷ ባለቤትነቷን ትታ ተፈታኝ ትሆናለች፤ እንግዶቿም ይበተናሉ። ይህን በጎ የሚያስቡ ሰዎች ሁሉ ያደርጉታል፤ ቢተዉት እለምናቸዋለሁ። መግባት የፈለገ እንግዳ ሆኖ ይግባ። ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ይቀመጥ፣ የተሰጠውን ይጠጣ፣ «ስኳር በዛብኝ» ይበል። የሚሆነውን እሷ ታውቃለች።

ውሃ ሲጨመር ደግሞ ሌላ ክርክር ይነሳል። ከሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ቀጭን ረጅም ብርጭቆ የተገለበጠው ውሃ ለአራት ዓመት ልጅ «በዝቷል»። ልክ ያው ነው ቢሉት አይቀበልም፤ ዓይኑ ያየው ሌላ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ይህን ደጋግሞ አይቶ፣ አብዛኞቹ ልጆች መጠኑ እንደማይለወጥ የሚረዱት ወደ ሰባት ዓመት ገደማ መሆኑን ጽፏል። ስለዚህ መከራከር አያስፈልግም፤ እየገለበጠ ይመልሰው፣ ይፍሰስ፣ በጨርቅ ይወልውል። ሕፃን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ውሃ ውስጥም ሊሰጥም ስለሚችል አዋቂ ከአጠገቡ አይነሳ፤ ጨዋታው እንዳበቃም ውሃው ይደፋ።

ስለ እንጨት ብሎክ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ኬሮላይን ፕራት የተባለች የኒው ዮርክ መምህርት የቀረጸችው ብሎክ ሁለቱ ግማሾች ገጥመው አንዱን ሙሉ እንዲያክሉ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ልጁ ክፍልፋይን ስሙን ሳያውቅ በእጁ ይይዘዋል። ርካሹ ብሎክ ልኩ ስለማይገጥም ይህን አያስተምርም፤ ብዙ መጫወቻ ከመግዛት እንዲህ ያለ አንድ ስብስብ ይሻላል። ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ባለበት ቤት ደግሞ በሶፍት ካርቶን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ዕቃ ሁሉ ሊታነቅበት ስለሚችል ከምንጣፉ ይነሳ፤ የመቁጠሪያ ባቄላም ቢሆን።

ወላጆች ሆይ፣ እንዳይቆሽሽ የሚፈራለት ልብስ አታልብሱት፤ ታብሌት በቦርሳው አትላኩ። ልትወስዱት ስትመጡም ከመድረሳችሁ በፊት ደውሉ። ተንከባካቢዋ «በረካው ሊቀዳ ነው» ብላ ትነግራቸዋለች፤ ልጆቹ ጠጥተው ሲኒያቸውን ራሳቸው ይሰበስባሉ፤ እናንተም ደጅ ላይ ከሚያለቅስ ልጅ ጋር አትታገሉም።