ረጅም ጅራት ስላላት ዝንብ አዳኝ ወፍ የተሰጠ መግለጫ

እህል በሚደርስበት ወራት ልጆች በማማ ላይ ሆነው በወንጭፍ ወፍ መጠበቃቸው የቆየ የአገር ልማድ ነው። ሰብልን ከአጥፊ ወፍ መጠበቅም ተገቢ ነው። ነገር ግን የእህልን ጠላትና ወዳጅ ሳይለዩ በእርሻ ዳር የተገኘውን ወፍ ሁሉ መግደል ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውምና፥ ከወዳጆቹ አንዲቱን ከዚህ ቀጥሎ ልንገልጽ እንወዳለን።

ይህች ወፍ ሊቃውንት ቴርፕሲፎኔ ቪሪዲስ የሚሏት ዝንብ አዳኝ ናት። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ፥ እስከ ቃሊቲ ድረስ፥ ጥላ ያለው ዛፍ በሚገኝበት በወንዝ ዳር፥ በአትክልት ቦታና በቤተ ክርስቲያን አጸድ ትኖራለች። ራሷ ወደ ሰማያዊ የሚያንጸባርቅ ጥቍር፥ የዓይኗ ዙሪያ ሰማያዊ ቀለበት፥ ሆዷ ግራጫ፥ ጀርባዋና ጅራቷ እንደ ሸክላ የቀላ ነው። የወንዱ ሁለት የመካከል የጅራት ላባዎች የገላውን ርዝመት ያህል ይረዝማሉ፤ የሴቲቱ ጅራት ግን አጭር ነው። አንዳንድ ጊዜ ጀርባውና ጅራቱ ነጭ የሆነ ወንድ ይታያል፤ እርሱም ከዚያው ወገን ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ጠባይዋም እንዲህ ነው። በቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቅና ዝንብ፥ የእሳት እራት ወይም ክንፍ ያወጣ ምስጥ ሲያልፍ ብድግ ብላ በአየር ላይ ትይዘዋለች። ስትጣራ ድምፅዋ ሻካራ ነው፤ ስትዘምር ግን ጣፋጭ ፉጨት አላት። በቅርንጫፍ መንታ ላይ የምትሠራውን ትንሽ ጎጆ በሸረሪት ድር ታያይዘዋለች፤ በውጭም የዛፍ ሽበት ትለጥፍበታለች። 2 ወይም 3 እንቍላል ትጥላለች፤ ሴቲቱና ወንዱም እየተፈራረቁ ይታቀፋሉ። ወደ ጎጆአቸው የሚቀርበውን፥ ከእነርሱ የሚበልጥ ወፍ ቢሆን እንኳ፥ ደፍረው ያባርራሉ።

ከአጥፊው ከግሪሳ የምትለይበት ምልክት ምንቃሯ ነው። የግሪሳ ምንቃር ጥሬ ለመፈልፈል የተመቸ፥ አጭርና ወፍራም ነው፤ በእህል ላይም በብዙ ሺህ ሆኖ በመንጋ ይወርዳል። የዝንብ አዳኟ ምንቃር ግን ጠፍጣፋ ሲሆን በሥሩ ጠጕር አለበት፤ እርስዋም ብቻዋን ወይም ከጓደኛዋ ጋር ትታያለች፤ እህልም አትነካም።

ይህች ወፍ ብቻዋን ሰብልን ከተባይ ታድናለች ማለታችን አይደለም። ነገር ግን በማሳ ዳር ያለውን ወይራ፥ ዋንዛና ቍጥቋጦ ጨርሶ ቈርጦ ባሕር ዛፍ ብቻ የሚተክል ሰው፥ ተባይ የሚለቅሙለትን ብዙ ወፎች ማደሪያ ያሳጣቸዋል። ስለዚህ የወረዳና የቀበሌ የእርሻ ሹሞች ወፍ ጠባቂዎች ወንጭፋቸውን ከማንሣታቸው በፊት ምንቃርን አይተው እንዲለዩ፥ ባለእርሻዎችም በየወንዙ ዳር የአገሩን ዛፍ እንዲያስቀሩ ያስተምሩ ዘንድ እናሳስባለን።