ግምት ፍርድ አይደለም

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይሉ ነበር አባቶቻችን። ዘውዱ ከወረደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢያልፍም ብሂሉ ከልባችን ፈጽሞ አልወጣም። ለዚህም ምስክሩ የቤት ግብር በመጣ ዕለት የሚታየው ነው። የግምቱ ወረቀት ከእጁ ሲገባ አንዱ «የመንግሥት ነገር ምን ይደረጋል» እያለ እያጉረመረመ ይከፍላል፤ ሁለተኛው ዘመድ ፈልጎ ደጅ ይጠናል፤ ሦስተኛው ወረቀቱን አጥፎ ከሣጥን ይከተውና ቅጣት ይቆልልበታል። «ግምቱ እዚህ ላይ ስቷል» ብሎ ማስረጃውን ይዞ የሚከራከር አራተኛ ሰው ግን እምብዛም አይታይም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ስለ አራተኛው ሰው ነው።

ነገሩ በተለይ እንደ ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ላሉ የቡና አገር ከተሞች ይጠቅማል። ሚዛን ተፈሪ ዛሬ ከአማን ጋር ተዋሕዳ ሚዛን አማን ተብላለች፤ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሲመሠረት እርስዋም ቴፒም ከክልሉ ዋና ከተሞች ተቈጥረዋል። ከተማ ሲያድግ መንገድ፣ መብራትና የውሃ መውረጃ ይፈልጋል፤ ይህም ሁሉ ከግብር ይወጣል።

በዐዋጅ ቁጥር 80/1968 የተደነገገው የከተማ ቤት ግብር፣ በተለምዶ የጣሪያና የግድግዳ ግብር የምንለው፣ የሚታሰበው ቤቱ በዓመት ሊያስገኝ በሚችለው ኪራይ ላይ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የንብረት ታክስ ዐዋጅ ግን ስሌቱን ወደ ንብረቱ ዋጋ አዛወረው። ታክሱ የሚጣለው በዋጋው 25 በመቶ ላይ ሲሆን፣ የሕንጻው ምጣኔ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ፣ የቦታው መጠቀሚያ ደግሞ ከ0.2 እስከ 1 በመቶ ነው። ክልሎች በዚህ ወሰን ውስጥ የራሳቸውን ሕግ ያወጣሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። ምጣኔው በሕግ የተቈረጠ ስለሆነ አንድ ሰው ብቻውን ተሟግቶ አይለውጠውም። ሊሳሳት የሚችለው፣ ስለዚህም ክርክር የሚነሣበት፣ ግምቱ ነው።

ለምሳሌ በሚዛን ልጆችዋን የምታሳድግ አንዲት እናት እናስብ። ቤትዋ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። በጓሮ ሁለት ክፍል ለተማሪዎች ታከራያለች፤ በቡና ወራት ደግሞ ከዘመድ የመጣላትን ቡና በግቢዋ ታሰጣለች። ገማቹ የመጣው በኅዳር ነው። የተሰጣውን ቡናና የተደረደረውን ጆንያ አይቶ «መጋዘን» ብሎ ጻፈ፤ ማድ ቤቱን ሦስተኛ የኪራይ ክፍል አድርጎ ቈጠረ፤ ወደ ውስጥ ስላልገባ ዝናብ የበላውን የጓሮ ግድግዳ አላየም። 2 ሚሊዮን ብር የሚያወጣው ቤት 4 ሚሊዮን ተባለ። የሕንጻው ምጣኔ 0.5 በመቶ ቢሆን በትክክለኛው ዋጋ የምትከፍለው 2,500 ብር ነበር፤ አሁን ግን 5,000 ተጠየቀች። ስሕተቱ ካልታረመ ግምቱ እስኪታደስ ድረስ በየዓመቱ ይደገማል።

ይህች እናት «ድኻ ነኝ፣ ማሩኝ» ብላ ብትጽፍ የጻፈችው ልመና እንጂ ክርክር አይደለም። ክርክር ማለት «መጋዘን የተባለው መኖሪያ ነው፤ ሦስተኛው ክፍል ማድ ቤት ነው፤ የጓሮው ግድግዳ ፈርሷል፤ ፎቶግራፉ እነሆ፤ ካርታው እነሆ፤ መጥታችሁ እዩ» ማለት ነው። ጎረቤት ያለ ተመሳሳይ ቤት በስንት እንደ ተገመተ ቢታወቅ ደግሞ ማስረጃው ይጠነክራል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር ዐዋጅ ውሳኔው የተሳሳተ መሆኑን የማስረዳቱን ሸክም በግብር ከፋዩ ላይ ጥሎአልና፣ ባዶ እጅ መሄድ አያዋጣም።

ጊዜውም ማስረጃውን ያህል ይከብዳል። ያው ዐዋጅ ለቅሬታ የሰጠው ጊዜ 21 ቀን ነው፤ በቅሬታው ውሳኔ ያልረካ ሰው ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን በ30 ቀን ውስጥ አቤት ይላል፤ ያን ጊዜም ክርክር ያለበትን ታክስ ግማሽ አስቀድሞ ይከፍላል። የከተማ ቤት ጉዳይ የሚታየው በክልሉ ሕግ ስለሆነ ከሁሉ በፊት ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ቀን ማንበብ ያስፈልጋል። በቡና አገር ጥቅምትና ኅዳር ቤተ ሰቡ ሁሉ ለቀማ ላይ ነው፤ ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ የአቤቱታውም ቀን አብሮ ሊያልቅ ይችላል።

የአንድ ገማች ቃል ምን ያህል እንደሚመዝን ታሪካችን ያውቃል። በ1937ቱ የመሬት ግብር ዐዋጅ አንድ ጋሻ የተለካ መሬት «ለም» ከተባለ ከነአሥራቱ 50 ብር፣ «ለም ጠፍ» ከተባለ 40፣ «ጠፍ» ከተባለ 15 ብር ይከፈልበት ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ገማቾቹን አላምን አለ፤ መሬቴ ሊነጠቅ ነው ብሎም ሠጋ። ለዐመፁ ሌላም ምክንያት ነበረው፤ ነገር ግን አቤት የሚልበትና የሚያምነው ቦታ ስላጣ ክርክሩ ከወረቀት ወደ ጠመንጃ ዞረ። በመጨረሻም ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፉን ግብር ማሩ። የጎጃም ጠቅላይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቍ ሥላሴ ከዚያ ተነሥተው ያን ጊዜ ሚዛን ተፈሪ ወደምትገኝበት ወደ ከፋ ጠቅላይ ግዛት ተዛወሩ፤ በ1966 ዓ.ም. ደግሞ የጅማ ሕዝብ ተነሣባቸው። ሰሚ ያጣ ቅሬታ ሹሙ በተዛወረበት ሁሉ ይከተለዋል።

እንግዲህ ቃላችን ለሁለት ወገን ነው። አንተ ተማሪ፣ ዕረፍት ወጥተህ ቤት ስትገባ የእናትህን ወይም ያከራዩህን ሴት ወረቀት ተቀብለህ አንብብ፤ ቀኑን ቍጠር፤ ክፍሉን ለካ፤ ማመልከቻውን በአጭሩና በቍጥር ጻፍ። የማያከራክረውን ክፍል ደግሞ በጊዜው አስከፍል፤ ግብር ማስቀረትና ግምት ማሳረም አንድ አይደሉምና።

አንተም አዲስ የተሾምህ ወጣት፣ ግምት ስትጽፍ ምክንያቱን አብረህ ጻፍ፤ ወደ ቤቱ ሳትገባ ስለ ቤቱ አትመስክር፤ ቅሬታ ይዞ የመጣውን ሰው እንደ ተሳዳቢ አትየው። አባቶቻችን በበላ ልበልሃ ችሎት ለአንዲት ጥማድ መሬት ቀኑን ሙሉ ሲሟገቱ ይውሉ ነበር፤ ዳኛውም ቁጭ ብሎ ይሰማቸው ነበር። ስሕተቱን ያረመ መሥሪያ ቤት ከዚህች እናት 2,500 ብር ይቀርበታል፤ በሚመጣው ዓመት ግን የሚገባትን ሳትጎተት ይዛ ትመጣለታለች።