«አየሁ» የሚለው መልስ ይበቃልን? የሕክምና ተማሪዎች የዓይን ምርመራ ችሎታ አመዛዘን

በሳይንስ ቤተ ሙከራ አንድ ማይክሮስኮፕ ለብዙ ተማሪዎች በተራ ሲዳረስ መምህሩ «አየህ? አየሽ?» እያለ ይጠይቃል። መልሱ ዘወትር «አየሁ» ነው። እኛም በማሠልጠኛ ተቋማችን በዚህ መልስ ረክተን ያለፍንበት ጊዜ ነበር። አንድ ቀን ግን ዕጩ መምህራኑ ያዩትን የሽንኩርት ሕዋስ እንዲሥሉ ብንጠይቃቸው፣ ከፊሎቹ ዙሪያው የጠቆረ የአየር አረፋ፣ አንዱ ደግሞ የገዛ ሽፋሽፍቱን ሥሎ አቀረበ። ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አልነበረም። እኛ የጠየቅነው ጥያቄ ያየውን ካላየው የሚለይ አልነበረም።

ይህ ችግር በሕክምና ትምህርት ቤትም ይገኛል። በዚያ ግን የሚጎዳው የሰው ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት ከሕዝቡ ከመቶ 1.6 ያህሉ ዓይነ ሥውር ነበር። ከዚህም ግማሽ ያህሉ የደረሰው በዓይን ሞራ ሲሆን፣ ትራኮማም ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ነበር። ሞራ በቀዶ ጥገና ይወገዳል፤ ትራኮማም በጊዜው ከታወቀ ዓይን ሳያጠፋ ሊገታ ይችላል። ይሁንና በሽተኛው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚያገኘው የዓይን ስፔሻሊስቱን ሳይሆን ጠቅላላ ሐኪሙን ነው። ስለዚህ የሕክምና ተማሪ ዓይን መመርመር መቻሉ ከመመረቁ በፊት መረጋገጥ አለበት። ጥያቄው እንዴት ይረጋገጥ የሚለው ነው።

የምርመራው ክፍሎች ሁሉ ለመመዘን እኩል አያስቸግሩም። የማየት ኃይል ሲለካ ሥራው በግልጽ ይታያል። ተማሪው በሽተኛውን ከሰሌዳው 6 ሜትር አራቀው ወይ? አንዱን ዓይን ሳይጫን ሸፈነው ወይ? የእያንዳንዱን ዓይን ውጤት ለየብቻ ጻፈ ወይ? ፈታኙ ቆሞ ይመለከታል፤ ከዚያም ራሱ ለክቶ ያመሳክራል።

አስቸጋሪው በኦፍታልሞስኮፕ የሚደረገው ምርመራ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1851 ያስተዋወቀው ይህ መሣሪያ በዓይን ብሌን በኩል ብርሃን አስገብቶ የዓይንን የኋላ ግድግዳ፣ የደም ሥሮቹንና የእይታ ነርቭ የሚነሣበትን ክብ ሥፍራ ያሳያል። ነገር ግን በተለመደው የእጅ መሣሪያ በአንድ ጊዜ የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ተማሪው ሲያይ ፈታኙ አያይም። ተማሪው «ነርቩ ጤናማ ነው» ቢል፣ አይቶ ይሁን ገምቶ አይታወቅም። ዛሬ ምስሉን በስልክ ካሜራ ለሁለቱም የሚያሳዩ መሣሪያዎች አሉ፤ በሌሉበት ግን የሚከተሉት ሦስት መንገዶች ይረዳሉ።

አንደኛው አሠራሩን በዝርዝር መከታተል ነው። ሮናልድ ሃርደንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 በስኮትላንድ ባቀረቡት የፈተና ዘዴ፣ ተማሪዎች ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወሩ በተወሰነ ደቂቃ የተወሰነ ተግባር ይፈጽማሉ፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ዝርዝር ይታረማሉ። ለዓይን ምርመራ ዝርዝሩ የሚከተለውን ይመስላል፦ ክፍሉን አደበዘዘ ወይ? በሽተኛው ሩቅ እንዲመለከት ነገረው ወይ? ቀኝ ዓይንን በራሱ ቀኝ ዓይን፣ ግራውን በግራው መረመረ ወይ? ከመቅረቡ በፊት በብሌኑ ውስጥ ቀዩን ነጸብራቅ ፈለገ ወይ? ይህ አድልዎን ይቀንሳል። ሆኖም ተማሪው ዝርዝሩን ሁሉ አሟልቶ ምንም ላያይ ይችላል።

ስለዚህ ሁለተኛው መንገድ ያየውን በማስረጃ እንዲያሳይ ማድረግ ነው። ተማሪው መርምሮ ሲጨርስ የልዩ ልዩ ዓይኖች ፎቶግራፎች ይቀርቡለትና የመረመረው ዓይን የትኛው እንደሆነ ይመርጣል፤ ወይም ያየውን ይሥላል። ፎቶግራፎቹ በበዙ መጠን በግምት የማለፍ ዕድሉ ይጠባል።

ሦስተኛው በሰው ሠራሽ ራስ መፈተን ነው። በውስጡ ያለው ምስል አስቀድሞ ስለሚታወቅ መልሱ አያከራክርም። አንድ በሽተኛም በብዙ ተማሪዎች ብርሃን አይሰለችም። ነገር ግን ሰው ሠራሹ ዓይን አይርገበገብም፤ አያለቅስምም። ስለዚህ የመጨረሻው ምዘና ፈቃዱን በሰጠ ሰው ላይ፣ ብሌኑ በጠብታ ከሰፋ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

በትክክል ማየትን በመመዘን ረገድ ከአገራችንም አንድ ትምህርት እናገኛለን። እ.ኤ.አ. ከ2012 እስከ 2016 በተካሄደው የዓለም አቀፍ ትራኮማ ካርታ ሥራ፣ ኢትዮጵያም የተካፈለችበት፣ መርማሪዎች ወደ መስክ ከመውጣታቸው በፊት 50 ልጆችን መርምረው ፍርዳቸው ከአንድ የታወቀ ባለሙያ ፍርድ ጋር ይነጻጸር ነበር። የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልብጠው፣ መጠናቸው ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆኑ 5 ወይም ከዚያ በላይ እባጮች መኖራቸውን ይፈርዳሉ። ንጽጽሩም ካፓ በሚባል መለኪያ ተሰልቶ ቢያንስ 0.7 መድረስ ነበረበት።

የስምምነቱ መቶኛ ብቻ ያልበቃው ለምንድን ነው? ከ50 ልጆች 40ዎቹ ምልክቱ የሌለባቸው ናቸው እንበል። አንዱም ዓይን ሳይገለብጥ ለሁሉም «የለም» የሚል ሰው ከመቶ 80 ትክክል ይሆናል። ካፓ ግን በአጋጣሚ የሚገኘውን ስምምነት ስለሚቀንስ ለዚህ ሰው የሚሰጠው ዜሮ ነው። 10ሩ የታመሙ ልጆች የተረሱት በዚያ 80 ውስጥ ነው።

እኛም ወደ ቤተ ሙከራችን ስንመለስ ይህንኑ ልናስታውስ ይገባል። ተማሪው ማይክሮስኮፑን እንዴት እንደያዘ እንመልከት፤ ያየውን ያሥል፤ መልሱ የታወቀ ናሙናም አልፎ አልፎ እንስጠው። ተማሪዎችም ያላያችሁትን «አላየሁም» ለማለት አትፈሩ። ይህን በመናገሩ ማርክ የሚቀነስበት ተማሪ፣ ነገ ሐኪም ሲሆን ያላየውን ዓይን ጤናማ ነው ብሎ መጻፍን ከእኛ ይማራል።