መጠጥ ሐሰተኛ ምስክር ነው

ከቤተ ሰቡ መካከል የአእምሮ ሕመም የጸናበት ሰው ያለው አንባቢ፥ ሕመምተኛው በተሻለው ጊዜ በቤቱ የሚገባውን ደስታ ያውቀዋል። ከደስታውም ጋራ አንድ ጥያቄ ይመጣል፤ ይኸውም «እንግዲህ መድኃኒቱ እስከ መቼ ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ነውር የለበትም። ሐኪምም ቢሆን ጊዜው ሲደርስ መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ የሚቀንስበት አለ። አደጋው የሚመጣው ግን ከመድኃኒቱ የጎደለውን በመጠጥ ለመሙላት የተሞከረ እንደ ሆነ ነው። ይህን የምንጽፈው ከመጻሕፍት አንብበን ብቻ አይደለም፤ በዓይናችን ያየነው፥ እኛም ራሳችን የተሳሳትንበት ነገር ስለ ሆነ ነው።

ከእኛ ጋራ የሚያስተምር አንድ ወዳጃችን ጭንቀት ጸንቶበት፥ እንቅልፍም አጥቶ፥ ዲያዜፓም የሚባለውን መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ ለብዙ ወራት ይወስድ ነበር። ተሻለው፤ ወደ ክፍሉም ተመለሰ። ሐኪሙም መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እንዲቀንስ ፈቀደለት። ቅነሳው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፉ ታወከ፤ ልቡ ይመታ፥ በትንሹም በትልቁም ይደነግጥ ጀመር። ይህን ለሐኪሙ መንገር ሲገባው፥ ማታ ማታ አንድ መለኪያ አረቄ መቅመስን መረጠ። በመጀመሪያው ሌሊት ተኛ። ሦስት ወር ሳይሞላ ግን አንዱ መለኪያ ግማሽ ጠርሙስ ሆኖ ነበር።

ሐኪሙ በቀጠሮው ቀን «እንቅልፍዎ እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፥ «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና ነው» አለ። ሐኪሙም ቃሉን አምኖ መጠኑን ደግሞ ቀነሰ። እነሆ፥ አረቄው በሐኪሙ ፊት በሐሰት መሰከረ፤ ያልዳነውን ሰው ድኗል አሰኘ፤ ፍርዱም በሐሰተኛው ምስክር ቃል ተፈረደ።

የነገሩ አሠራር እንዲህ ነው። በአንጎላችን ውስጥ ጋባ የሚባል፥ የተቆጣውን ነርቭ የሚያበርድ ንጥረ ነገር አለ። ዲያዜፓም የዚህን ንጥረ ነገር ሥራ ያበረታል፤ አልኮልም እንደዚሁ ያደርጋል። ስለዚህ መድኃኒቱን ቀንሶ አረቄውን የሚጨምር ሰው፥ የአንዱን ብድር ከሌላው ተበድሮ የሚከፍለውን ይመስላል፤ ዕዳው አልቀነሰም፤ አበዳሪው ብቻ ተለወጠ። ሁለቱ በአንድ ሌሊት የተገናኙ እንደ ሆነም ትንፋሽን አድክመው ሰውን በተኛበት ሊያስቀሩት ይችላሉ። ደግሞም እንክብሉ በሚሊግራም ተለክቶ ይሰጣል፤ አረቄውን ግን ማን ይለካዋል? የአንዱ ቤት ጠላ ኃይሉ ከሌላው ቤት ጠላ ይለያል፤ አረቄም አልኮሉ ከመቶ 40 እጅ ገደማ የሚደርስ አለ። መጠጥ የሚያመጣው እንቅልፍ ደግሞ ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ ይቈራረጣል፤ ሰውየው ሳይነጋ ነቅቶ ጭንቀቱን ከፊተኛው ይልቅ በርትቶ ያገኘዋል። ለጽኑ ትካዜ ወይም ለአእምሮ መታወክ የሚሰጡትን ሌሎች መድኃኒቶች በሚቀንሱም ዘንድ፥ መጠጥ የሚመለሰውን ሕመም ምልክት ሸፍኖ ያቆያል።

ወደ ወዳጃችን እንመለስ። የዐቢይ ጾም መግቢያ ደረሰ። በቅበላው እሑድ ማታ የመጨረሻውን መለኪያ ጠጥቶ፥ «እስከ ፋሲካ አልቀምስም» ሲል ተሳለ። እኛም ሰኞ ጠዋት ይህን ሰምተን «እሰይ፥ በርታ» አልነው። ስንት ይጠጣ እንደ ነበረ፥ ስለ ምንም ይጠጣ እንደ ነበረ አልጠየቅነውም። በዚያው ቀን እጁ ሲንቀጠቀጥ፥ ላብም ሲያጠምቀው ዋለ። ማክሰኞ ሊነጋ ሲል ወድቆ ተንፈራገጠ። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አንዱ ክብሪት ጭሮ ሊያሸተው፥ ሌላው ማንኪያ በአፉ ሊያስገባ፥ ሌላውም «መንፈስ ነው፤ ጠበል ይወሰድ» ሊል ተጣደፈ። ባለቤቱ እኛን አስጠርታ፥ «የኔታ፥ ከእርስዎ አልሸሽግም፤ በየማታው ይጠጣ ነበር፤ ጠርሙሱ ሁሉ ከአልጋው ሥር ነው» አለችን። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሞቹ ያረጋጉት በምን ይመስላችኋል? በአረቄ ሊተካው በሞከረው በዚያው በዲያዜፓም፥ በመጠን ተሰጥቶ ነው።

ለብዙ ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በአንድ ቀን ያቆመ እንደ ሆነ፥ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለ መንፈራገጥ ሊያገኘው ይችላል። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜም መቃዠትና የአእምሮ መናወጥ ሊከተል፥ ካልታከመም ሞት ሊደርስ ይችላል። መጠጥን መተው መልካም ነው፤ መንገዱን ግን ሐኪም ሊመራው ይገባል።

በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ ፕሮፌሰር ኼዘር አሽተን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1982 እስከ 1994 ዓ.ም. እንዲህ ያሉትን መድኃኒቶች ለመተው የሚፈልጉትን ሰዎች የሚረዳ ክሊኒክ ነበራቸው። ከልምዳቸው የጻፉት መምሪያ ቅነሳው በጥቂት በጥቂቱ፥ በወራት እንጂ በቀናት እንዳይሆን ይመክራል፤ የጎደለውንም በመጠጥ ከመተካት ያስጠነቅቃል።

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን መምከሩን የሚጠቅስ አይጠፋም። ያ ግን በግልጥ የተሰጠ፥ በጥቂት የተወሰነ ምክር ነበረ እንጂ ከአልጋ ሥር የተሸሸገ ጠርሙስ አልነበረም። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪም እንዲከበር፥ መድኃኒትም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን ያስተምራል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋራ እንዲወስዱ መምከራቸው ይታወሳል። ስለዚህ ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም፤ ከሁለቱም ጋራ የሚጣላው የተሸሸገ ጽዋ ነው።

እንግዲህ የቤተ ሰብ ድርሻ ይህ ነው። ከመካከላችሁ መድኃኒት የሚቀንስ ሰው ቢኖር፥ ስለ እንቅልፉ ስትጠይቁት ማታ ምን እንደ ጠጣም በፍቅር ጠይቁት። መጠጥ ብታገኙበት በቍጣ ደፍታችሁ በአንድ ቀን አታስተዉት፤ የመድኃኒቱንም የመጠጡንም መጠን ለሐኪሙ ንገሩ። ጾም ሲገባ የመድኃኒቱ ሰዓት ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋራ ይወሰን። ቢወድቅና ቢንፈራገጥ በጎኑ አስተኙት፤ በአፉ ምንም አታግቡ፤ ክብሪትም አታሽትቱት፤ ወደ ሆስፒታል አድርሱት። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ፤ የሚደብቀውም የሚቈጣው ሲበዛበት ነውና፥ ቍጣችንን እንቀንስለት።

ወዳጃችን ሁሉን ለሐኪሙና ለንስሐ አባቱ ተናገረ። ቅነሳው እንደ ገና ተጀምሮ ከዓመት በላይ ፈጀ፤ ዛሬ በደኅና ያስተምራል። በጽዋ ማኅበራችን ቀን ጠላው ሲዞር ለእርሱ ብርዝ ይቀዳለታል፤ «ምነው፥ ቅመስ እንጂ» የሚለውም የለም።