የጉልበት ሎሚ ይነካ ወይስ ይተው? የጉልበት ሀኪሞችን ለሁለት የከፈለው “ቅያሪ”

ዲያጎ አርማንዶ ማራዶና እ.ኤ.አ በ2019 የሜክሲኮውን ዶራዶስ ሲያሰለጥን ያዩት ሁሉ አዝነዋል። በ1986ቱ የዓለም ዋንጫ የእንግሊዝን ተከላካዮች እንደ ቁም እንጨት እያለፈ ያገባው ሰው ከወንበሩ ተነስቶ የሜዳው መስመር ጋ ለመድረስ ሲያነክስ ይታይ ነበር። ጉልበቱ ውስጥ አጥንትና አጥንት እንዳይፋተግ የሚያደርገው ልስልስ ሽፋን ተበልቶ አልቆ ነበርና በዚያው ዓመት ጁላይ ወር ላይ አርጀንቲና ውስጥ ሰው ሰራሽ ጉልበት ተገጠመለት። ሴፕቴምበር ላይ ጂምናሲያ ላፕላታን ይዞ ወደ አሰልጣኝነት ተመልሷል።

ማራዶና በዚህ ብቻውን አይደለም። “ብረቱ” ይባል የነበረው የሊቨርፑሉ ተከላካይ ቶሚ ስሚዝም ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ጉልበቶቹንና ዳሌውን አስቀይሯል። የኖቲንግሀም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2018 ይፋ ባደረጉት ጥናት 1,207 የቀድሞ ተጫዋቾችን ከ4,085 ሌሎች ወንዶች ጋር ሲያነጻጽሩ የጉልበት ህመምና የመገጣጠሚያ መበላት ተጫዋቾቹ ላይ ከሁለት እስከ ሶስት እጥፍ በዝቶ አግኝተውታል።

“ጉልበት ተቀየረ” ሲባል ብዙ ሰው ጉልበቱ እንዳለ ወጥቶ ሌላ የሚገባ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ሀኪሙ የተበላውን ገጽ ቆርጦ ያነሳና አዲስ ያለብሰዋል። የጭን አጥንቱ ጫፍ ብረት ይለብሳል፤ የቅልጥሙ አናት ላይም ብረት ተቀምጦ በላዩ ጠንካራ ፕላስቲክ ይደረግበታል። እስከዚህ ድረስ ሀኪሞቹ ይስማማሉ። ጭቅጭቁ የሚነሳው ሶስተኛዋ አጥንት፣ የጉልበት ሎሚ ጋ ሲደረስ ነው። ከጀርባዋ ተቆርጣ ቁልፍ የምታህል ፕላስቲክ በአጥንት ሲሚንቶ ትለጠፍባት ወይስ እንደተፈጠረች ትተው?

ትንሽ አጥንት፣ ትልቅ ስራ

ሎሚዋ የጭን ጡንቻን ጉልበት በጅማት አማካይነት ወደ ቅልጥም የምታስተላልፍ ናት። ኳስ መምታትም ሆነ መዝለል ያለ እሷ አይታሰብም። ደረጃ ስንወጣ ከሰውነታችን ክብደት ሶስት እጥፍ ገደማ ጫና ያርፍባታል፤ ቁጢጥ ስንል ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ጀርባዋን የሸፈነው ካርቲሌጅ ከሰውነታችን ሁሉ ወፍራሙ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ይሄ አካባቢ እምቢ ሲል ምን እንደሚሆን የኳስ አፍቃሪ ያውቃል። እ.ኤ.አ አፕሪል 12 ቀን 2000 ሮም ላይ ኢንተር ከላዚዮ ሲጫወት ተቀይሮ የገባው ብራዚላዊው ሮናልዶ በደቂቃዎች ውስጥ የወደቀው ከሎሚዋ ስር ያለው ጅማት ተበጥሶ ነበር።

“አሁኑኑ ይቀየር”

በአሜሪካ አብዛኞቹ ሀኪሞች ሎሚዋንም አብረው ያለብሳሉ። መከራከሪያቸው ቀላል ነው፤ አዲስ ብረት ላይ አሮጌ አጥንት እየተፋተገ የጉልበቱ ፊት ማመሙን ከቀጠለ በሽተኛው ለሁለተኛ ጊዜ ቢላ ስር ይገባል። ድሮ የነበሩት ሰው ሰራሽ ጉልበቶች ሎሚዋን የማይነኩ ነበሩ፤ “ፊት ለፊቱን ያመኛል” የሚለው ሮሮ ሲበዛ ነው የፕላስቲኳ ቁልፍ የተጨመረችው። የአውስትራሊያ የመገጣጠሚያ ቅያሪ መዝገብም ሎሚያቸው የለበሰች ታካሚዎች ለድጋሚ ቀዶ ህክምና የሚመለሱበት እድል አነስተኛ መሆኑን ያሳያል። የእንግሊዙ የህክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስም እ.ኤ.አ በ2020 ለታካሚዎች እንዲቀርብላቸው መክሯል።

“የሚሰራን ተጫዋች ማን ይቀይራል?”

ስዊድንና ኖርዌይ ግን ሌላ አሰላለፍ ይዘው ነው የሚገቡት። እዚያ አብዛኛውን ጊዜ ሎሚዋ አትነካም። ለዚህም በቂ ምክንያት አላቸው። ሎሚዋ ሙሉ ውፍረቷ ሁለት ሳንቲ ሜትር ከምናምን ብቻ ነው። ተቆርጣ የሚቀረው ከ12 ሚሊ ሜትር ገደማ ካነሰ የመሰበር አደጋው ይጨምራል። ፕላስቲኳ ልትላቀቅ ወይም ልትበላ ትችላለች፤ ጅማቱም ሊበጠስ ይችላል። በ1980ዎቹ ጀርባቸው ብረት የሆነ የሎሚ ልባሶች ገብተው ፕላስቲካቸው ቶሎ እየተበላ ብዙ ሰው ለችግር ዳርገዋል። እንዲህ ያለው ችግር ዛሬ ብዙም የሚያጋጥም አይደለም፤ ካጋጠመ ግን ለመጠገን አስቸጋሪ ነው፤ የተቆረጠ አጥንት አይመለስምና።

በመሀል የቆሙም አሉ። እነዚህ ጉልበቱን ከፍተው ካዩ በኋላ ነው የሚወስኑት። ሽፋኑ የተበላ ከሆነ ወይም ታካሚው ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ ብግነት ካለበት ያለብሳሉ፤ ሎሚዋ ጤነኛ ወይም በጣም ስስ ከሆነች ይተዋሉ።

ታዲያ ስንት ለስንት ሆነ?

እንግሊዞች ካት በተሰኘው ትልቅ ጥናታቸው 1,715 ታካሚዎችን በእጣ ለሁለት ከፍለው ለአስር ዓመታት ተከታትለዋል። እ.ኤ.አ በ2014 ይፋ የሆነው ውጤት በእንቅስቃሴና በኑሮ ደህንነት በኩል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም የሚል ነው። በወጪ ሲሰላ ግን ማልበሱ የተሻለ ሆኗል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ሎሚዋ ያልተነካችበት ሰው ሲያመው ሀኪሙ ገና ያልተጠቀመበት ቅያሪ በእጁ አለ፤ “እሷ ናት የቀረችን” ብሎ ድጋሚ ይከፍተዋል። የለበሰችበት ሰው ቢያመው ግን ቅያሪው አልቋል፤ ህመሙን ችሎ ይቀመጣል። ስለዚህ በመዝገብ ላይ ያለው የድጋሚ ቀዶ ህክምና ቁጥር ብቻውን የህመሙን መጠን አይነግረንም። ዘግይታ የምትቀየር ሎሚም ህመሙን ሁልጊዜ አታጠፋም። አንዳንዴ ጥፋቱ የሎሚዋ ሳይሆን ብረቱ ተጣሞ መገጠሙ ነውና።

በወጣትነቱ ሜዳ ላይ የተጎዳ፣ ዛሬም በጤና ቡድን ጠዋት ጠዋት ኳስ የሚያባርር ሰው አንድ ቀን ይሄ ውሳኔ ሊመጣበት ይችላል። ያን ጊዜ ቀዶ ህክምናው ሳይጀመር ሀኪሙን “ሎሚዬን ያለብሷታል ወይስ ይተዋሉ? ለእኔ ጉልበት ለምን ይሄ ይሻላል?” ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው። ከሁለቱ ወገን ማንም በዝረራ አላሸነፈም። ማልበስ የድጋሚ ቀዶ ህክምና እድልን ይቀንሳል፤ መተው ደግሞ አጥንቷን ያተርፋል። ሀኪሙ ቢላውን ቢይዝም በዚያ ጉልበት ደረጃ የሚወጣው ታካሚው ነው።